ካምቢዮው «ሞቷል» ከመባሉ በፊት

በጅግጅጋ ጋራዦች አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስቦ ያያል፣ ማርሹን ዲ ላይ አስገብቶ ነዳጅ ይረግጣል። መኪናው ካልተነቃነቀ «ሞቷል» ይላል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀርቡለት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ያገለገለ ካምቢዮ ማስመጣት፣ ወይም አውቶማቲኩን አስወጥቶ በማኑዋል ማስቀየር። ከፍተን እንየው የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ከፍቼ አይቻለሁ። በተለይ ፓምፑን፣ ማለትም ከኮንቨርተሩ (የሞተሩን ዙረት በዘይት ወደ ካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ክፍል) ጀርባ የተደበቀውን የካምቢዮውን ዘይት ገፊ፣ በራሴ ግቢ አውጥቼ፣ ለክቼ፣ አድሼ መልሻለሁ። ብዙዎቹ «የሞቱ» ካምቢዮዎች ያልሞቱ መሆናቸውን ያመንኩት በዚያ ሥራ ነው።

እዚህ አካባቢ አውቶማቲክ መኪና ብርቅ አይደለም። ሰርፉ፣ ማርክ ቱው፣ ኖዋው፣ ቪትዙ፣ ፕራዶው፣ አብዛኛው ከጃፓን ተነስቶ፣ በዱባይ ገበያ አልፎ፣ በርበራ ወደብ ላይ ወርዶ በሃርጌሳ በኩል ወደ ድንበሩ የመጣ ነው። መሪያቸው በቀኝ ያሉ አሉ፣ ወደ ግራ የተገለበጡም አሉ። ጃፓናዊው ባለቤት በለስላሳ አስፋልት እየነዳ ዘይቱን በወቅቱ ሲያስቀይር የኖረውን መኪና እኛ የካራማራን ዳገት እናስወጣዋለን፤ ወደ ገጠሩ በአቧራ መንገድ እንነዳዋለን፤ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድም የደንገጎን ቁልቁለት፣ ስንመለስ ደግሞ ያንኑ ዳገት እናሸክመዋለን። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሻጭ እስካሁን አላገኘሁም።

ጉዳዩን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ነካ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ማገልገልም አለባቸው። ያገለገለ ካምቢዮ ግዢ ድሮም ዕጣ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዕጣው ውድ ሆኗል።

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አስተምራለሁ። መሣሪያና መመሪያ መጽሐፍ አያስቸግሩኝም። ልምዱን ግን የሰጡኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔም «አዴር» (አጎት) እላቸዋለሁ። በ1980 ዓ.ም. ሃርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሃርቲሼክ የስደተኞች መጠለያ ከሸሹት መካከል ናቸው። ያ መጠለያ በአንድ ወቅት በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የካምፑ ዙሪያ ትልቅ ገበያ ሆኖ ቆይቷል። አዴር እጃቸውን ያፍታቱት እዚያ፣ የውሃ ቦቴና የእህል መኪና ሲጠግኑ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮን የተማሩት በኋላ፣ የበርበራ መኪኖች መጉረፍ ሲጀምሩ ነው። መጽሐፍ አያነቡም፤ ጣታቸው ግን የመቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት ይለያል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፓምፑ ምን ይሠራል? በማኑዋል ካምቢዮ ማርሽ የሚያስገባው እጅህና ፍሪሲዮንህ ነው። በአውቶማቲኩ ይህን የሚያደርገው የዘይት ግፊት ነው። ውስጡ የተደራረቡ ቀጫጭን ዲስኮች አሉ፤ ፒስተን ሲጫናቸው ይጣበቃሉ፣ ሲለቃቸው ይለያያሉ። ያንን ፒስተን የሚገፋው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ደግሞ ፓምፑ ነው። እሱ ብቻ አይደለም፦ ኮንቨርተሩን የሚሞላው፣ ወደ ራዲያተሩ ልኮ የሚያቀዘቅዘው፣ ጥርሶቹንና ቡሽንጎቹን የሚያረጥበው ያው አንድ ፓምፕ ነው። ግፊቱ ከወረደ ዲስኮቹ በደንብ አይያዙም፤ ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ሰው የሚያየው የተቃጠለውን ዲስክ ነው፤ ያቃጠለውን ሳይጠይቅ ዲስኩን ይቀይርና ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ይመለሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ የውስጥ ጥርስ አለ፤ በእሱ ዙሪያ ወደ ውስጥ የሚያዩ ጥርሶች ያሉት ሰፋ ያለ ቀለበት ይዞራል። ሁለቱ አንድ መሐል የላቸውም፤ በአንድ ወገን ይነካካሉ፣ በሌላው ወገን ይራራቃሉ። በተራራቁበት ቦታ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ብረት ተቀምጦ መምጠጫውን ከመግፊያው ይለያል። ጥርሶቹ ሲለያዩ ዘይት ከኮፓው (ከሥር ካለው የዘይት መያዣ) በፊልትሮ በኩል ይመጠጣል፤ ተመልሰው ሲገናኙ ዘይቱ መውጫ አጥቶ በግፊት ይወጣል። ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የውስጡን ጥርስ የሚያዞረው የኮንቨርተሩ አንገት ነው፤ ኮንቨርተሩ ደግሞ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው። ሞተሩ ሲዞር ፓምፑ ይዞራል፤ ሞተሩ ሲቆም ይቆማል። ይህችን አንድ ነገር እያንዳንዱ አሽከርካሪ ቢያውቃት በየዓመቱ ስንቱ ካምቢዮ ይተርፍ ነበር!

እዚህ ላይ ለአንባቢ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ሲያቀርብ ሁለት ፓምፕ ሰጥቶት ነበር፤ አንዱ በሞተሩ፣ ሌላው በኋላ በኩል በጎማው ዙረት የሚሠራ። በዚያ ዘመን የነበረ አውቶማቲክ ተገፍቶ መነሳት የቻለው በሁለተኛው ፓምፕ ምክንያት ነው። በኋላ አምራቾቹ የኋላውን ፓምፕ ተዉት። ዛሬ መንገዳችን ላይ ያሉት ቶዮታዎች ያላቸው የፊቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ባትሪ የደከመበትን አውቶማቲክ አሥር ጎረምሳ ቢገፋው አይነሳም፤ ጎማው ቢዞርም ዘይት የለም፣ ዘይት ከሌለ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያይዝ ነገር የለም።

የእኔ መኪና ሰርፍ ነው፤ ካምቢዮው ኤ340 ከሚባለው ቤተሰብ ነው። የሠራው የቶዮታ እህት ኩባንያ አይሲን ነው፤ አይሲን ሴይኪ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ከአሜሪካው ቦርግ ዋርነር ጋር በሽርክና ነው። ይኸው ካምቢዮ ኤደብሊው 4 በሚል ስም ለዓመታት በጂፕ ቼሮኪ ውስጥም ሠርቷል። ጠንካራ ነው፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ነው። በቤት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

መኪናው የቆመው እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን አውርዶ ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ጎማ) ቀየረለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነሳ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ፤ ፒ ላይም ኤን ላይም አለ፣ ነዳጅ ስትረግጥ ይቀጥናል፣ ስትለቅ ይወፍራል። አንድ ጠዋት ዲ ላይ ሳስገባ ምንም አልሆነም። ሪትሮውም እንደዚያው። «ሞቷል» ተባልኩ። አዴር መጥተው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹትና አሸተቱት።

«ዋላል (ወንድሜ)፣ ይሄ ዘይት ቀይ ነው። አልተቃጠለም። ዲስኩ ደህና ከሆነ መኪናው ለምን ይቆማል?»

ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ዲስኮች ተበልተው የሚሞት ካምቢዮ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፦ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ይሸታል። ፊትም ኋላም በአንድ ጊዜ ከጠፉና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ግን መጠርጠር ያለበት የሁሉም ምንጭ የሆነው ፓምፕ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በቀላሉ የሚጣሩ ነገሮች አሉ። የዘይቱ መጠን ልክ ነው ወይ? በቶዮታ ይህ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ ፒ ላይ ተመልሶ፣ ዘይቱም ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ የለካ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚያነበው። ፉጨቱስ በእርግጥ ከፓምፑ ነው? ችንጋዎቹን አውልቆ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ማስነሳት ዲናሞውንና የመሪውን ፓምፕ ከተጠርጣሪነት ያወጣቸዋል። ፊልትሮው የተደፈነ እንደሆነም ፓምፑ ዘይት እየተጠማ ያፏጫል፤ ስለዚህ ኮፓው መጀመሪያ ይወርዳል። እኔ ኮፓውን ሳወርድ ከማግኔቱ ላይ ደቃቅ ዱቄት ሳይሆን ጥፍር የሚያህል የብረት ቁራጭ ወጣ። ዱቄት የዕድሜ ነው፤ ቁራጭ የስብራት ነው።

ካምቢዮውን ማውረድ የጉልበት ሥራ ነው፤ ብዙ አላወራበትም። ከነትራንስፈሩ ለሁለት ሰውም ይከብዳል፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ሥሩ የገባ ሰው ሕይወቱን አስይዟል ማለት ነው፤ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ካላረፈ አትግባ። ካምቢዮው ሲወርድ ኮንቨርተሩ ከካምቢዮው ጋር አብሮ መውረድ አለበት እንጂ ሞተሩ ላይ መቅረት የለበትም።

ከባዱ ነገር ንጽሕና ነው። የጅግጅጋ ሜዳ ነፋስ ከረፋዱ ጀምሮ ሲነሳ አቧራው የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ በርጫ ላይ ስለሚሆን የጎደለ መሣሪያ የሚያውስ አይገኝም። ስለዚህ የሚከፈተው ሁሉ በማለዳ ተከፍቶ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይሸፈናል። እኔ የሠራሁት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ወለሉ በውሃ ረጥቦ፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ላስቲክ ተነጥፎ። ጨርቅ አልተጠቀምኩም፤ ከጨርቅ የሚወጣ ክር የቫልቮቹን ቀጭን መተላለፊያ ይደፍናል። ዕቃው በነጭ ጋዝ ታጥቦ በኮምፕሬሰር አየር ይደርቃል። ይህ ደግሞ ከእሳት፣ በተለይ ከምድጃና ከሲጋራ፣ ርቆ የሚሠራ ነው።

ፓምፑ ከካምቢዮው አካል ጋር የታሰረው በሰባት ቡሎን ነው። ሰባቱም ወጥተው ግን ዙሪያውን ባለው ኦሪንግ ተይዞ ይቀራል። እዚህ ላይ ካቻቢቴ አስገብቶ መፈንቀል የተለመደ ነው፤ አሉሚኒየሙን የሚያቆስልና ኋላ ዘይት የሚያፈስ የተለመደ በደል ነው። አዴር በብየዳ ያሠሩት መጎተቻ አላቸው፤ ከፓምፑ መሐል የሚወጣውን የስታተሩን ዘንግ ይዞ ፓምፑን ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። ከፓምፑ ጀርባ ቀጭን የብረት ቀለበት ተለጥፎ ሊወጣ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ የት እንደነበረና የትኛው ፊቱ ወደየት እንደሚያይ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ዛሬ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ካሜራ አለን፤ ፎቶ ሳይነሳ የሚፈታ ነገር መኖር የለበትም።

ከዚያ 13ቱ ትንንሽ ቡሎኖች ይፈታሉና ፓምፑ ለሁለት ይከፈላል። ስከፍተው ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። የውስጡ ጥርስ ኮንቨርተሩን የሚይዝባቸው ሁለት ምላሶች አሉት፤ አንደኛው ከሥሩ ተሰብሯል፣ ሌላው ተዳምጦ ክብ ሆኗል። የኮንቨርተሩ አንገት ይዞራል እንጂ ጥርሱን ይዞ አይዞርም። በሌላ አነጋገር ሞተሩም ደህና፣ ዲስኮቹም ደህና፣ ቫልቮቹም ደህና ሆነው፣ ሁሉንም ያስቆመው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ምላስ ናት።

እንዲህ ያለ ስብራት ከዕድሜ አይመጣም። ካምቢዮውና ሞተሩ ሲገጣጠሙ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ቡሎኑ ከተጎተተ አንገቱ በጥርሱ ምላስ ላይ ይቆማል፤ የቡሎኑ ኃይል ሁሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ወዲያው ይሰበራል፣ ወይም ተሰንጥቆ እያፏጨ ጥቂት ይሄድና ይሰበራል። በየትኛውም አገር ፓምፕ በብዛት የሚሰበረው በዚህ ነው።

ጥርሶቹ ከመውጣታቸው በፊት የትኛው ፊታቸው ወደ ላይ እንደነበር ምልክት ይደረግባቸዋል። በፑንታ መምታት ክልክል ነው፤ የምልክቱ ጠርዝ ከፍ ብሎ ፓምፑን ይፍቃል። የቀለም እስክሪብቶ ይበቃል። ጥርሶች አብረው በዞሩበት ፊት ነው የተላመዱት፤ ተገልብጠው ከገቡ እንደ አዲስ ይፋጫሉ።

ከዚያ መለካት ይመጣል፤ የዚህ ሥራ እምብርት ይህ ነው። ቀጫጭን ቅጠሎች ያሉት የክፍተት መለኪያና አንድ ቀጥ ያለ፣ ያልተጣመመ የብረት ማስመሪያ ያስፈልጋል። በኤ340 ሦስት ክፍተቶች ይለካሉ። አንደኛው በውጭው ቀለበትና በፓምፑ አካል መካከል ያለው ነው፤ ቀለበቱን ወደ አንድ ወገን ገፍተህ ትለካለህ፤ ደንቡ ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ከ0.3 ካለፈ ተበልቷል። ሁለተኛው በቀለበቱ ጥርስ ጫፍና በጨረቃዋ መካከል ነው፤ ከ0.11 እስከ 0.14፣ ጣሪያው እንደገና 0.3። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ማስመሪያውን በፓምፑ አፍ ላይ አጋድመህ ጥርሶቹ ከአፉ ስንት ዝቅ እንዳሉ ትለካለህ፤ ከ0.02 እስከ 0.05 ነው፤ ከ0.1 በላይ አይፈቀድም። 0.1 ሚሊሜትር የአንድ ተራ የማባዣ ወረቀት ውፍረት ነው። ግፊት ያለው ዘይት የአንድ ወረቀት ያህል መንገድ ካገኘ በጎን ሾልኮ ወደ መምጠጫው ይመለሳል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን መሾለኩ ይብሳል። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ካራማራን ወጥቶ ፋፈን ሲደርስ ማርሽ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አዴር መለኪያውን ከመያዛቸው በፊት ጣታቸውን በጥርሱና በአፉ ጠርዝ ላይ አሳለፉ።

«ይሄ ገና ነው» አሉ።

«ስንት ይሆናል፣ አዴር?»

«ገና የወረቀት ያህል አልተበላም። ለካው።»

ለካሁት፤ 0.06 ነበር። ከደንቡ ትንሽ አልፏል፣ ከጣሪያው ግን ብዙ ቀርቶታል። የፓምፑ አካል ድኗል ማለት ነው። የጥርሶቹን ቦታ ግን ሌላ ጥርስ መተካት ነበረበት።

መለዋወጫ ፍለጋ እዚህ አካባቢ የራሱ መልክ አለው። ቶጎ ውጫሌ ሙሉ ካምቢዮ ይሸጥልሃል፤ ፓምፑን ብቻ ነጥሎ የሚሸጥ ማግኘት ይከብዳል። ድሬዳዋ ታይዋን ሰፈር የጎደለህን ፓራኦሊዮና ኦሪንግ ታገኛለህ። የተፈታታ የውስጥ ዕቃ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ ሶማሌ ተራ ነው። የእኔም ከዚያ መጣ፤ ሙሉ ፓምፕ ከነአካሉ። ከሌላ ካምቢዮ የመጣ ጥርስ በደፈናው አይገጠምም። ፋብሪካው ራሱ ጥርሶቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ በሚል በሦስት ውፍረት ያወጣቸዋል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት 0.01 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የመጣውን ጥርስ በራሴ ፓምፕ አካል ውስጥ አስቀምጬ ሦስቱንም ክፍተት እንደገና ለካሁ፤ በመጣው አካል ውስጥም ለካሁ። የተሻለው የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ቁጥሩ ነው። ያገለገለ ፓምፕ የምትገዛ ከሆነ ሻጩን ፊት ለፊት አስከፍተህ ጨረቃዋንና የአካሉን ወለል በጥፍርህ ፈትሽ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለበት አትግዛ።

የፓምፑ ቡሽንግ ሌላው ቸል የሚባል ነገር ነው። የኮንቨርተሩ አንገት በእሱ ውስጥ ይዞራል። መመሪያው የውስጥ ስፋቱ ከ38.19 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ከበለጠ አንገቱ ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ ፊት ያለውን ፓራኦሊዮ ይቆርጣል፣ ዘይት ይፈሳል። ሰው አሥር ጊዜ ፓራኦሊዮ ይቀያይራል፤ ያፈሰሰው ግን ቡሽንጉ ነው። አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን መምታት በቶርኖ ቤት በፕሬስ ቢሆን ይመረጣል፤ በመዶሻ የተመታ ቡሽንግ ቀጥ ብሎ አይገባም። ጅግጅጋ ውስጥ ጎበዝ ቶርኖ ቤቶች አሉ፤ የእርሻ ትራክተርና የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ሲሠሩ የኖሩ፣ ለመቶኛ ሚሊሜትር የማይደነግጡ። የኮንቨርተሩ አንገትም ይታያል፦ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቦይ ከተቆፈረ አዲሱም ፓራኦሊዮ አይዘጋም። ትንሽ ሻካራነት ብቻ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት፣ ዙሪያውን እኩል እየዞሩ ማለስለስ ይቻላል።

መልሶ መግጠም ጥድፊያ አይወድም። እያንዳንዱ ክፍል በዚያው በካምቢዮ ዘይት ይታጠባል፤ ደረቅ የገባ ፓምፕ መጀመሪያ ሲነሳ ዘይት መምጠጥ ያቅተዋል። ኦሪንጎቹንና የስታተሩን ሁለት ቀለበቶች በቦታቸው ለመያዝ ቫዝሊን ጥሩ ነው፤ በዘይቱ ይሟሟል። የጎማ ግሪስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፊልትሮውን ይዘጋል። 13ቱ ቡሎኖች ቀስ በቀስ፣ በተሻጋሪ፣ በ10 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠበቃሉ። ይህ ትንሽ ኃይል ነው፤ ጡንቻ ያለው ሰው ባልለመደው እጁ ቢጎትተው የፓምፑ ፊት ይጣመምና የለካነው ክፍተት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፓምፑን ከካምቢዮው የሚያስሩት ሰባቱ ደግሞ 22 ኒውተን ሜትር ይፈልጋሉ። ከመግጠምህ በፊት ፓምፑን በኮንቨርተሩ አንገት ላይ አስቀምጠህ ጥርሱን በእጅ አዙረው፤ ያለ ምንም መያዝ ሊዞር ይገባል።

አሁን ኮንቨርተሩ። ካምቢዮውን አፉን ወደ ላይ አቁመህ፣ ኮንቨርተሩን በጥቂት ዘይት ሞልተህ፣ በዘንጉ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ከዚያ እየጫንክ ቀስ ብለህ ታዞራለህ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ የተርባይኑ ስፕላይን ገባ። ገና ነው። ታዞራለህ፤ እንደገና ይወርዳል፤ የስታተሩ ስፕላይን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አበቃ ይላል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚጠበቀው ነው፦ የአንገቱ ጎድጎዶች የፓምፑን ምላሶች አግኝተው ሲገቡ ኮንቨርተሩ «ድም» ብሎ ይወርዳል፤ መዳፍህ ይሰማዋል። ያ ካልተሰማ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አይገናኝም። በጆሮ ብቻም አይታመንም፤ ማስመሪያ በካምቢዮው አፍ ላይ አጋድመህ የኮንቨርተሩ ቡሎን ማሰሪያ ስንት እንደገባ ትለካና ለዚያ ሞተር መመሪያው ከሚለው ጋር ታስተያያለህ። ሞተሩና ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ ሙሉ በሙሉ መገናኘት አለባቸው፤ ክፍተቱን ለመዝጋት ቡሎን መጎተት የግድ ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል፣ መልሶ ማውረድ ነው። ከዚያም ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃነት ይዞር እንደሆነ ይታያል።

የብረት ስብራት የነበረበት ካምቢዮ ማቀዝቀዣ ሳይታጠብ መመለስ የለበትም። የተሰበረው ብረት ደቃቁ በቱቦው ሄዶ ራዲያተሩ ውስጥ ይደበቃል፤ አዲሱ ፓምፕ ሲሠራ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ አገር ለራዲያተሩ ተጨማሪ ሥጋት አለ። በመንገድ ላይ ውሃ ሲጎድል ከቢርካ (ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ) የተቀዳ ድፍርስ ውሃ የሚጨምር ብዙ ነው፤ ራዲያተሩ ከውስጥ ይዝግና የዘይቱ ማቀዝቀዣ ቱቦ ይቀደዳል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ያኔ መለኪያ ዘንጉ ላይ የምታየው ዘይት ወተት የበዛበት ሻሂ ይመስላል። ይህን ያየ ሰው መኪናውን እዚያው ያቁም፤ ውሃ የዲስኮቹን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቀዋል።

ዘይቱም የራሱ ነገር አለው። ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። የኤ340 አሮጌዎቹ ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይፈልጋሉ፤ በኋላ የመጡ ቶዮታዎች ቲ 4 የሚባለውን ይላሉ፤ ሲቪቲ ያላቸው ትንንሾቹ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዘይት ነው የሚጠጡት። ኮፓው ብቻ ሲወርድ ከዘይቱ የሚወጣው ከፊሉ ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሙሌት በኋላ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ አልፎ፣ እንደገና መለካትና መጨመር አለበት። በካምቢዮው ጎን ላይ የግፊት መለኪያ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለ፤ መለኪያ ያለው ሰው ያስረው። ሥራ ፈት ዙረት ላይ ያለው ግፊት በነዳጅ ሲረገጥ ከፍ ማለት አለበት። ፍሬን ይዞ ዲ ላይ ሙሉ የመርገጥ ሙከራ ከ5 ሴኮንድ አይበልጥም፤ ከዚያ ያለፈ ዘይቱን ያቃጥላል።

የእኔ ሰርፍ አሁን አያፏጭም፤ ዲውም ሪትሮውም ወዲያው ይይዛሉ። ዲስኮቹ የተነኩ አልነበሩም። በማኑዋል ይቀየር የተባለው መኪና የፈለገው የጥርስ ጥንድ፣ ቡሽንግ፣ ጥቂት ኦሪንግና ዘይት ነበር። ሁሉም ሰው በቤቱ ይሥራው አልልም፤ ጠንካራ መደገፊያ፣ ንጹሕ ቦታና የክፍተት መለኪያ የሌለው አይጀምረው። ግን መካኒክህን «ፓምፑን ለካኸው ወይ? ስንት ሆነ?» ብለህ መጠየቅ ትችላለህ፤ ቁጥር ሳይነግርህ ካምቢዮህን እንዲጥልብህ አትፍቀድ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአሽከርካሪዎች። ከባቢሌ ወይም ከካራማራ ላይ ሞተሩ የጠፋ አውቶማቲክ በገመድ ከአይሱዙ ጀርባ ታስሮ፣ ኤን ላይ ሆኖ ጎማው እየዞረ ወደ ጅግጅጋ ሲገባ ሳይ ውስጤ ይቃጠላል። ሞተሩ ስለጠፋ ፓምፑ አይዞርም፤ የካምቢዮው የኋላ ክፍል ግን ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ያለ አንዲት ጠብታ አዲስ ዘይት። በሞተር ብልሽት የተጎተተ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ካምቢዮውም ተበልቶ ይደርሳል። ሎቤድ ከተገኘ በሎቤድ መጫን ነው። ካልተገኘ መኪናው ሥር ገብቶ ወደ ጎማው የሚሄደውን የትራስሚሲዮን ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ላይ መፍታት ነው፤ በሰርፍ ላይ አራት ቡሎን ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳበት ከሆነ የፊቱም ይፈታል። ዘንጉን ከመኪናው ሥር በሽቦ አስሮ ወይም አውልቆ ውስጥ ጭኖ ከዚያ መጎተት ነው። ከመፍታትህ በፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፤ ዘንጉ ሲፈታ ፒ መኪናውን አይዝም፣ ካራማራ ደግሞ ቁልቁለት ነው።